አርባ ምንጭ ስትሄዱ ሀይቁን ብቻ አትዩ

አርባ ምንጭ የሄደ ሰው ሁሉ የሚለጥፈው ፎቶ አንድ ነው፣ ሴቻ በሚባለው የከተማዋ ላይኛው ክፍል አፋፉ ላይ ቆሞ፣ ከኋላው አባያና ጫሞ፣ መሀላቸው ሁለቱን ሀይቆች የሚለየው መሬት፣ የእግዜር ድልድይ የሚሉት። እኔም ተነስቻለሁ፣ በጣም ያምራል። ግን ግንቦት ላይ ያረፍንበት ሎጅ ተዳፋቱ ላይ ስለሆነ ወደ ጎጆአችን የሚኬደው በአትክልቱ መሀል በደረጃ እየተወረደ ነው፣ እና እኔን ከዛ ጉዞ ሁሉ የያዘኝ እሱ አትክልት ነው።

መንገዱን ብዙ አላወራም። በቡታጅራ፣ ሆሳዕና፣ ሶዶ አድርገን ገባን፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ይደክማል። ከሶዶ በኋላ ሙቀቱ መምጣት ይጀምራል፣ ከተማዋ ያለችው 1,300 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አትክልተኛውን ውሃ ሲያጠጡ አገኘኋቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የኮንሶ ሰው። "ጋሼ ትንሽ ልከተልዎት?" ስላቸው "ነይ ልጄ፣ ግን በድንጋዩ በድንጋዩ ነይ፣ አፈሩን እንዳትረግጪብኝ" አሉኝ። መጀመሪያ ያሳዩኝም አበባ ሳይሆን ድንጋዩን ነው። ግቢው በሙሉ በእርከን የተያዘ ነው፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ፣ ያው ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የኮንሶ እርከን ጥበብ ማለት ነው። ዝናብ ሲመጣ ውሃው እየተንደረደረ አይወርድም፣ እያንዳንዱ እርከን ላይ ቆም ብሎ ይሰርጋል። "ይሄ ባይኖር አፈሩ ሁሉ እዛ ነበር የሚገባው" ብለው ወደ አባያ ጠቆሙኝ። አባያ እንደዛ ቀላ ያለው'ኮ ብላቴን የመሰሉ ወንዞች ከደጋ ጠርገው በሚያመጡት ደለል ነው፣ ከዛ በኋላ ሀይቁን ባየሁት ቁጥር የስንት ገበሬ መሬት ነው እዛ ያለው እያልኩ ነበር።

ተክሎቹም ዝም ብለው የተተከሉ አይደሉም። ሽፈራው ላይኛው እርከን ላይ ነው፣ ድርቅ ስለሚችል፣ ግንዱ ወፍራም፣ ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው ይበሉታል፣ እዛ አካባቢ ሀለኮ ነው የሚሉት። ሙዙ ታች ነው፣ ውሃው የሚጠራቀምበት ጋ፣ ስሩም በደረቅ ቅጠል ጉዝጓዝ ተሸፍኗል ፀሐዩ እርጥበቱን እንዳይወስደው። ፓፓያ ወንድና ሴት እንዳለው ታውቃላችሁ? ወንዱ አበባውን እንደ ረጅም ዘለላ ያንጠለጥላል እንጂ እንደ ሴቷ አያፈራም፣ አንዱን ግን ትተውታል ሴቶቹ እንዲያፈሩ። ቡገንቪሊያውን ደግሞ ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ሮዝ የሆነው ቅጠል ነው፣ አበባው መሀል ላይ ያለችው ትንሽዬ ነጭ ነገር ናት። የድሬዳዋ ዛፍ ግንቦት ላይ ቀይ ሆኖ ነበር፣ ከማዳጋስካር የመጣ ዛፍ ነው ግን እዛ ሙቀት ውስጥ አገሩ ያለ ይመስላል።

እንሰትም አንድ ሁለት አለ፣ ግን ትንንሽ ናቸው። ቦታው ቆላ ነው፣ የእንሰት አገር ከላይ ደጋው ላይ ያለው ዶርዜ ነው፣ ወደ ጨንቻ መውጫው ጋ። ጋሼ ከሙዙ አጠገብ አቁመው ልዩነቱን አሳዩኝ፣ ሙዝ ከስሩ በራሱ ልጅ ያወጣል፣ እንሰት ግን ሰው ስሩን ቆርጦ ካላዘጋጀው ልጅ አይሰጥም፣ አንዴ አብቦም ይሞታል። ማለት በሰው እጅ ነው የሚራባው፣ ይሄን ስሰማ እንሰት የሚሰሩት የዶርዜ እናቶች ስራ ሌላ ሆኖ ታየኝ።

ጦጣዎች አሉ፣ ማንጎውን ሰው ሳይደርስበት ይደርሱበታል፣ ጋሼ ግን አያባርሯቸውም፣ የላይኛው ቅርንጫፍ የነሱ ነው ይላሉ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልበል። በየቦታው አዲስ ማረፊያ ሲሰራ መጀመሪያ የሚደረገው ዛፉን ጠርጎ ሳር መትከል ነው፣ በዛ ሙቀት፣ በዛ ተዳፋት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ እየጠጣ፣ ጥላ እንኳን የለውም። ባለቤቶች ይሄን ካነበባችሁ እባካችሁ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፣ እርከን የሚሰሩ እጆች ኮንሶ ድረስ ሳይኬድ እዛው ከተማ ውስጥ አሉ።

ለምትሄዱ፦ ታችኛው የከተማዋ ክፍል ሲክላ የምታርፉ ከሆነ ሴቻ በባጃጅ ቅርብ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳይጠነክር ውጡ፣ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ፣ እና ሪሴፕሽን ላይ ከአትክልተኛው ጋር መዞር እንደምትፈልጉ ንገሯቸው፣ ዙረቱ ሲያልቅም ለአትክልተኛው ለድካማቸው ትንሽ ገንዘብ ስጧቸው።