የሰው ገንዘብ አንነካም

ዘንድሮ ታክስ ያሠራሁት ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታክስ የሚሠሩልን እትዬ ቢሮ፣ በእንጀራ መሸጫውና በትኬት ቆራጩ መሃል። ቢሮ ስላችሁ ሁለት ወንበር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ጀበና ማለቴ ነው። ቀን ቀን ሆቴል ስለምሠራ ደብሊው ቱ የሚባለው የደሞዝ ወረቀት አለኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ ኡበር ስለምነዳ ቴን ናይንቲ ናይን የሚባለው የግል ሥራ ገቢ ወረቀት አለኝ። በዚያ ላይ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምኩትን የመኪና ጋዝ (የቤንዚን) ደረሰኝ በፌስታል ይዤ ሄድኩ።

እትዬ ፌስታሉን ገለጥ አድርገው አዩና መልሰው ቋጠሩት።

«ይሄ ምን ያደርግልኛል? ማይልህን ንገረኝ። የ2025 አንዱ ማይል በ70 ሳንቲም ታስቦ ከኡበር ገቢህ ይቀነሳል፤ ጋዙም፣ ዘይቱም፣ ጎማውም እዚያው ውስጥ ነው።»

አንድ ዓመት ሙሉ ደረሰኝ እንደ ቅርስ ስጠብቅ የኖርኩት ሰውዬ ፌስታሌን ታቅፌ ቁጭ አልኩ። እሳቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ኪቦርዱን ሲመቱት፣ ሲመቱት ቆዩና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት፤ ተመላሽ 3,417 ዶላር።

«ክፍያውስ እትዬ?»

«አሁን ምንም አትከፍልም ልጄ። እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም ላይ ፈርም።»

ፈረምኩ። ምን እንደሚል አላነበብኩም፤ 3,417 ያየ ሰው ምን ሊያነብ ነው? «ምንም አትከፍልም» የምትለዋን ብቻ ይዤ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ደግ ሰው አሜሪካ ውስጥ አለ ወይ ብዬ፣ በሳምንቱ ከአገር ቤት የተላከልኝን አንድ ኪሎ ይርጋጨፌ ቡና ወስጄ ሰጠኋቸው። ትንሽ ግር ያላቸው መሰለኝ፤ ግን መረቁኝ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። በኢንተርኔት የተላከ ታክስ አብዛኛውን ጊዜ በ21 ቀን ውስጥ ይመለሳል። እንደኔ የልጅ ክሬዲት፣ ማለትም ልጅ ላለው የሚታሰበው የታክስ ድጎማ፣ የሚመለስለት ግን በ2015 በወጣ ሕግ ምክንያት ፌብሩዋሪ አጋማሽ ሳያልፍ ምንም አያይም። ይህንን የነገሩኝ ኤርፖርት ተራ የምንጠብቅበት ቦታ ላይ ያሉ ልጆች ናቸው። እዚያ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ሌላ ወሬ የለም፤ ፖለቲካው ራሱ ፋታ ያገኛል።

የታክስ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት፣ የአይ.አር.ኤስ. ድረ ገጽ ላይ ገንዘብህ የት እንደደረሰ ማየት ይቻላል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህን፣ ያገባህ ወይም ያላገባህ ብለህ የሞላኸውን፣ ከዚያ የተመላሹን ልክ ይጠይቅሃል። ልክ ማለት ልኩን ነው። እኔ ለሰው ሁሉ «ወደ 3,400» እያልኩ ሳወራ ስለሰነበትኩ 3,400 አስገባሁ። አይገጥምም አለኝ። 3,450። አይገጥምም። 3,500፤ ምናልባት ጨምረውልኝ ይሆናል ብዬ። ለ24 ሰዓት ቆለፈብኝ። በማግስቱም እንደዚያው። ቢከፍትልኝስ? መረጃው የሚታደሰው በቀን አንዴ፣ ያውም ሌሊት ነው፤ እኔ ተሳፋሪ ባወረድኩ ቁጥር ነበር የምጎረጉረው።

ማርች መጀመሪያ ላይ አካውንታችን ውስጥ 2,892 ዶላር ከ5 ሳንቲም ገብቶ አገኘን። ላኪው ሰምተነው የማናውቀው ባንክ ነው፤ ከአጠገቡ ምኑም የማይገባ ምህጻረ ቃል አለ።

ባለቤቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብላ አየችው። «ይሄ የኛ አይደለም። ያንተ ከመንግሥት ነው የሚመጣው፤ ደግሞ 3,417 ነው። ሰው ተሳስቶ ያስገባው ነው። ነገ መልሱ ይሉናል፤ ሳንቲሟን እንዳትነካ!»

አልነካሁም። እንዲያውም ካርድ ስንመታ በስህተት እንዳይነካብን ብለን ወደ ቁጠባው አዛወርነው። የቤት ኪራይ ሲደርስ ከወንድሟ 600 ዶላር ተበደርኩ።

«ሪፈንድህ አልገባም እንዴ?» አለኝ።

«ጠፋ እኮ!» አልኩት። በጣም አዘነ። ዲያቆን ነው፣ በጸሎት አስበዋለሁ አለኝ።

ትልቋ ልጄ ናት የታክሱን ቅጂ ከመኪናው ኋላ፣ ከትርፍ ጎማው ሥር ያወጣችው። «አባቢ፣ እዚህ መስመር 35ኤ ላይ 3,417 ይላል፤ ለምን 3,500 ታስገባለህ?» ብላ ራሷ አስገባችው። ተከፈተ። ገንዘቡ ተልኳል ይላል፤ ያውም ከሳምንት በፊት! ከዚያ ቅጂው ላይ ዝቅ ብላ አካውንት ቁጥሩን አነበበችልኝ። የኛ አይደለም። የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ሦስቴ አስነበብኳት። አይደለም።

«ተዘረፍኩ!» ብዬ ተነሳሁ። ልጅቷ ከኋላዬ «ላይብረሪ ውስጥ ቪታ የሚባል አለ፣ በነጻ ይሠሩልሃል» ትላለች፤ ማን ይሰማታል።

እትዬ ደንበኛ ፊት ነበሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳላቋርጥ ስናገር ጨርሰው ሰሙኝና ወንበር አሳዩኝ። የፈረምኩበትን ወረቀት አወጡ።

«እኔ ‹አሁን አትከፍልም› አልኩህ እንጂ ‹አትከፍልም› አልኩህ?»

ነገሩ ለካ እንዲህ ነው። ከኪሴ ስላልከፈልኩ፣ አንድ ባንክ ለተመላሹ ብቻ ጊዜያዊ አካውንት ይከፍትልኛል። መንግሥት ገንዘቡን እዚያ ያስገባል፤ ባንኩ የታክስ ሠሪዋንና የራሱን አንስቶ የቀረውን ለእኔ ይልካል። ያቺ የማላውቃት ቁጥር የዚያ አካውንት ናት። ዋናው ፎርም 180፣ ለኡበሩ ስኬጁል ሲ የሚባለው ፎርም 150፣ የሜሪላንዱ 75፣ መላኪያ 45፣ ማስቀመጫ 30።

«የምን ማስቀመጫ?»

«የፋይልህ ነዋ።» በአገጫቸው ከወንበሬ ሥር ያለውን የሙዝ ካርቶን አሳዩኝ።

በዚያ ላይ ባንኩ ለድካሙ 44 ከ95። ያን ቀን የሳቸውን 480 ቆጥሬ ብሰጣቸው ኖሮ ይቺኛዋ ትቀርልኝ ነበር። ሲደመር 524 ከ95። ካልኩሌተሩን መቱና አዞሩልኝ። 2,892.05።

አምስት ሳንቲሟን ሳያት ወኔዬ ከዳኝ።

«ምነው ልጄ፣ አልገባልህም እንዴ?»

«ኧረ ገብቷል እትዬ። አደራ አስቀምጬዋለሁ።»

«ለማን?»

«ለባለቤቱ።»

ደንበኛው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፣ አልቻለም። ወደ ቤት ደወልኩ። ባለቤቴ መጀመሪያ ዝም አለች፤ ቀጥሎ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ መጨረሻ ላይ «ወንድሜ ስለጸለየልህ ነው የተገኘው» ብላ ዘጋችው።

ልነሳ ስል እትዬ ስኒ ሞልተው አቀበሉኝ። «ተቀመጥ እንጂ፣ አቦሉ ነው። ያ ያመጣህልኝ ቡና እንዴት ያለ ግሩም ቡና መሰለህ!»

በልቤ ደመርኩ። 524 ከ95፣ ሲደመር አንድ ኪሎ ይርጋጨፌ። ወንበሬን አመቻቸሁና እስከ በረካው ጠጣሁ።