ባሕሩ ያልገባበት ሰዓት

«እጠበው ያላችሁኝ እኮ እናንተ ናችሁ።»

ደንበኛው ይህን ሲል ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሰዓቱን ከላስቲክ ከረጢት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። መስታወቱ ከውስጥ በኩል ከ3 ቁጥር እስከ 6 ቁጥር ድረስ ጉም ይዟል። በሰንሰለቱ መጋጠሚያዎች መሀል ነጭ የሩዝ ብናኝ ተሰግስጓል። ፊቱ ላይ 300 ሜትር ተብሎ የተጻፈበት የስዊዝ ዳይቨር (የጠላቂ ዋናተኛ) ሰዓት ነው። ብራንዱን አልጠራም፤ ጥፋቱ የሰዓቱ አይደለም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ወደ ዱባይ ሊሄድ ሲል ሱቃችን ጎራ ብሎ «ባሕር ብገባበት ምን ላድርግ?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ለሁሉም የምንለውን ነገርነው። ጨው አይድረቅበት፤ ማታ ማታ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ይጠቡት፤ ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ 10 ደቂቃ ይዘፍዝፉት። ይህ ምክር ትክክል ነው። ጎዶሎ መሆኑ የገባን ግን ያን ሰኞ ጠዋት ነው።

ትክክል የሆነበትን ምክንያት ላስቀድም። የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው። የዱባዩ ባሕረ ሰላጤ ውሃ ትነቱ ብዙ፣ የሚገባበት ወንዝ ትንሽ ስለሆነ ከዚያ በላይ ነው፤ ወደ 40 ግራም ይጠጋል። ሰዓቱ ውሃ ውስጥ እያለ ጨው ያን ያህል አያስፈራም። ጉዳቱ የሚጀምረው ሲደርቅ ነው። ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። በቤዝሉ (መስታወቱን በከበበው ተዟዋሪ ቀለበት) ሥር፣ በመሙያው (ሰዓቱ በሚስተካከልበት የጎን ቁልፍ) ጥርስ ውስጥ፣ ሰንሰለቱን ከቀፎው ጋር በሚይዙት ፒኖች ቀዳዳ፣ በኋላ ክዳኑ ዙሪያ ይጋገራል። በማግስቱ የእጅ ላብ ሲያገኘው መልሶ ይሟሟል፤ እንዲህ እየደረቀና እየረጠበ ብረቱን ይበላል። «የማይዝግ» የምንለው ብረት የማይዝገው ላዩ ላይ ስስ የክሮም ኦክሳይድ ሽፋን ስላለው ነው። ያ ሽፋን ሲጫር በአየር ራሱን ይጠግናል፤ አየር በማይደርስበት ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ግን ጨው ከቀደደው መጠገን አይችልም። ጨውን የተሻለ የሚችለው 316ኤል የሚባለው ብረትም ቢሆን ይታገላል እንጂ አይድንም። በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስል ጉድጓድ ይወጣበታል። ይህ ጉድጓድ የኋላ ክዳኑ ጎማ በሚያርፍበት መደብ ላይ ሲሆን አዲስ ጎማ ብትቀይርለትም ውሃ ሊያሳልፍ ይችላል። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የሱቁ አንጋፋ ሰዓት ሠሪ ሰዓቱን አነሱት። መሙያውን በሁለት ጣት ያዝ አድርገው ነካ አደረጉት። ዞረ።

«መሙያውን ጠምዝዘውት ነበር?»

«መቼ?»

«ሲያጥቡት።»

«ባሕር ስገባ ጠምዝዤዋለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ዋኝቼበታለሁ፣ ምንም አልሆነም።»

«ሲያጥቡትስ?»

እዚህ ላይ ዝም አለ። ከዚያ ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ዱባይ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ቅዳሜ ማታ፣ በማግስቱ ስለሚመለስ፣ መሙያውን ፈትቶ ሰዓቱን ወደ አገር ቤት መለሰው። መሙያውን ተጭኖ አስገባው፤ ሰዓቱ ይሄዳልና የዘጋው መሰለው። ቀጥሎ የቀኑን ጨው ለማጠብ ሆቴሉ ውስጥ ባገኘው ሳህን፣ በነገርነው መሠረት፣ 10 ደቂቃ ቆጥሮ ዘፈዘፈው። እሑድ አውሮፕላን ውስጥ ቅዝቃዜው ሲይዘው መስታወቱ ጉም ለበሰ። ቤቱ እንደገባ ሩዝ ውስጥ ቀበረው።

«ጠምዝዝ ብላችሁኛል?» አለ።

አላልነውም።

ይህች ጥያቄ እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። መልስ አጥተንላት አይደለም። ባሕር የገባ ሰው መሙያ መጥመዝመዝ እንዳለበት ያውቃል ብለን ነበር፤ እሱም ያውቃል፣ ባሕሩ ላይ አድርጎታል። ሳህን ግን ባሕር አይመስልም። ለእጅ መታጠቢያ የሚሆን ውሃ 300 ሜትር የተጻፈበትን ሰዓት ይጎዳል ብሎ የሚጠረጥር ሰው የለም። መጠርጠር የነበረብን እኛ ነን።

መሙያው ገብቶ ሳይጠመዘዝ ሲቀር የሚሆነው ይህ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰዓት ውሃ የሚከለክለው በደረጃ ነው። ለምሳሌ በሮሌክስ ሰብማሪነር መሙያ ላይ ያሉት ሦስት ነጥቦች ከአንድ በላይ ጎማ ተደራርቦ እንደሚያሽገው ይናገራሉ። አንዱ ጎማ መሙያው ሲጠመዘዝ በቱቦው አፍ ላይ ተጨፍልቆ የሚዘጋ ነው፤ ሌሎቹ ቱቦው ውስጥ ሆነው ሳይጠመዘዝም ይይዛሉ። የደንበኛችን ሰዓት አሠራርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ግን ሰዓቱን የገዛው ከሰው እጅ ነው፤ ጎማው መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት የለውም። ቱቦው ውስጥ የነበሩት ጎማዎች ደርቀው ጠፍጥፈዋል፤ ጋሼ በወረንጦ ሲያወጧቸው አንዱ ለሁለት ተቆረጠ። ስለዚህ ሦስቱን ቀን ባሕሩን የቻለው ያ ተጨፍልቆ የሚዘጋው ጎማ ብቻውን ነው። መሙያው ሲፈታ እሱም ሥራውን አቆመ። በዚያ ላይ ከእጅ የወጣ ሞቃት ሰዓት ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፤ ክፍት ባገኘበት በኩልም ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ለዚህ ጥልቀት አያስፈልግም፣ አራት ጣት ውሃ ይበቃል።

የኋላ ክዳኑ ሲከፈት የላይኛው ክፍል ንጹሕ ነበር፤ ለአፍታ ደስ አለን። መሙያውን ከማሽኑ ጋር ከሚያገናኘው ዘንግ መግቢያ አጠገብ፣ ከማሽኑ ጠርዝ ሥር ግን አንዲት ጠብታ ተቀምጣለች። ጋሼ በቀጭን ወረንጦ ነክተው ብርጭቆ ላይ አሳረፏትና መብራቱ ሥር ገፋ አደረጓት። ስትደርቅ ነጭ ቀለበት ቀረ። በማጉያ ሲታይ ቀለበቱ ጥቃቅን አራት ማዕዘን ፍሬዎች ነው፤ የገበታ ጨው እንደዚያ ነው የሚረጋው። የቧንቧ ውሃ ነው የገባው ብለን ነበር፤ የገባው ግን ሰዓቱ ራሱ ጨውን ያራገፈበት የሳህኑ ውሃ ነው። የዘፈዘፉበት ውሃ ካልተቀየረ ቀስ በቀስ ራሱ ጨዋማ ይሆናል። ይህንንም አልነገርነውም።

ዘንጉ ከወዲሁ ቡናማ ዝገት ይዟል። ሰዓትና ቀን በሚስተካከልበት በኩል ያለው ትንሹ ሞላም እንዲሁ። አንድ ቀን ተኩል ያልሞላ ጊዜ ነው። ሩዙ ምንም አልፈየደም፤ በተዘጋ ቀፎ ውስጥ ያለ ውሃ ከውጭ በተነሰነሰ ሩዝ አይወጣም፣ ብናኙ ብቻ ይተርፋል። ውሃ የገባበት ሰዓት ጊዜ ሳይሰጠው ተከፍቶ መድረቅ አለበት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም የፀጉር ማድረቂያ ማስደገፍ ውሃውን አትንኖ ወደ ማሽኑ ጓዳ ይበትነዋል እንጂ አያስወጣውም።

ተለማማጁ ልጅ ማሽኑን እንደፈታ ክፍሎቹን እንደ ወትሮው ወደ ቤንዚኑ ብርጭቆ ሊከት ሲል ጋሼ እጁን ያዙት።

«ጨው በቤንዚን ይሟሟል?»

«አይሟሟም።»

«ታዲያ ምን ልታጥብ ነው?»

ቤንዚን ዘይትና ቅባት ያነሣል፤ ጨውን ግን እንዳለ ይተወዋል። ማሽኑ አምሮና ደርቆ ይገጠማል፣ ከወር በኋላ ዝጎ ይመለሳል። ጨው የሚሟሟው በውሃ ነውና ውሃ የበላውን ማሽን መጀመሪያ እንደገና በውሃ ማጠብ ግድ ነው። የሚያገለግለው ዲስቲልድ (ተኖ የተጣራ) ውሃ ነው፤ ሁለቴ፣ በየጊዜው አዲስ። ከዚያ ውሃውን ገፍቶ የሚያስወጣ አልኮል፣ ቀጥሎ በሞቀ አየር ማድረቅ። ቤንዚኑ ከዚያ በኋላ ለቅባቱ ይመጣል። አልኮሉ ላይ ግን አንድ አደጋ አለ፦ የሩቢ ድንጋይ የተተከለባቸው ሹካውና ባላንሱ፣ ማለትም ሰዓቱን ጢክ ጢክ የሚያሰኙት ክፍሎች። ድንጋዮቹ የተያዙት በሼላክ ሙጫ ነው፤ ሼላክ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል። እነዚህን አልኮል ውስጥ ዘፍዝፎ ምሳ የሄደ ሰው ሲመለስ ድንጋዩን ከብርጭቆው ሥር ያገኘዋል። ውሃ ነክተው፣ አልኮል ውስጥ ጠለቅ አድርገው ወዲያው አውጥተው ማድረቅ ነው።

ዘንጉ፣ ሞላው፣ መሙያው ከነቱቦው፣ ጎማዎቹ በሙሉ ተቀየሩ። አዲሶቹ ጎማዎች ስስ የሲሊኮን ቅባት ተቀቡ፤ ቅባቱ መሙያው ሲጠመዘዝ ጎማው እንዳይፈገፈግ ነው እንጂ የተበላ ጎማን አይተካም።

ቀጥሎ ቀፎው ብቻውን፣ ማሽኑ ሳይገባበት፣ ተሞከረ። ሱቃችን ያለው መሞከሪያ ታችኛው ግማሹ ውሃ፣ ላይኛው አየር የሆነ ወፍራም ሲሊንደር ነው። ቀፎው በአየሩ ክፍል ተንጠልጥሎ እስከ 6 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይነፋል፣ 5 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ውሃው ውስጥ ይጠልቃልና ግፊቱ ቀስ እየተባለ ይለቀቃል። ቀፎው የሚያሳልፍ ከሆነ በግፊት የገባው አየር አረፋ እየሠራ ይወጣል፤ ከየት እንደሚወጣ በዓይን ታያለህ። አረፋው እንደታየ ቀፎውን ከውሃው ማንሣት ያስፈልጋል፤ ግፊቱ እስኪያልቅ ከጠበቅህ አየሩ በወጣበት ውሃ ይገባል።

መሙያው በኩል ምንም የለም። ከኋላ ክዳኑ ጠርዝ ግን፣ 7 ቁጥር አቅጣጫ፣ እንደ ክር የቀጠነ የአረፋ ሰልፍ ወጣ። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ጉድጓድ ነው። የሦስት ቀን ሥራ አይደለም፤ የቀድሞው ባለቤት ሳያጥበው የዓመታት ላብና ጨው ያጠራቀመበት ነው። መደቡ በደቃቅ ማለስለሻ ፓስታ ተስተካክሎ፣ ጎማው ገብቶ እንደገና ተሞከረ፤ አረፋ የለም። ማሽኑ ከገባ በኋላ የመጨረሻው ፈተና መጣ። ሰዓቱ 40 ዲግሪ አካባቢ እስኪሞቅ ጠፍጣፋ ማሞቂያ ላይ ተቀመጠ፣ መስታወቱ ላይ የቀዘቀዘ ውሃ አንድ ጠብታ ተደረገ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ተጠረገ። ከውስጥ በኩል ጉም ካልታየ እርጥበት የለም ማለት ነው። አልታየም።

ሂሳቡ ላይ ተከራከርን። ጋሼ የዕቃውን ዋጋ ብቻ አስከፍለው የእጅ ዋጋውን ተዉት። እኔ ያኔ አልተስማማሁም፤ ዛሬ ትክክል ነበሩ እላለሁ። ለነገሩ ከመሄዱ በፊት «ባሕር ልገባ ነው» ብሎ ሲመጣ ያንኑ ሲሊንደር ሩብ ሰዓት አውጥተን ብንሞክርለት ኖሮ የአረፋው ክር ያኔውኑ ይታይ ነበር።

ሊወስደው ሲመጣ ጋሼ ሰዓቱን ከመስጠታቸው በፊት ቅደም ተከተሉን ነገሩት፤ በዚህ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሮ። ውሃ ከመንካቱ በፊት መሙያው መጠምዘዙን ይፈትሹ። ከዚያ በቀስታ በሚወርድ፣ ለብ ባለ ውሃ ያለቅልቁት፤ ሙቅ ሻወር ግን አይሆንም። ሳህን ውስጥ 10 ደቂቃ፣ ውሃውን ቀይረው ሌላ 5 ደቂቃ። ውሃው ውስጥ እንዳለ ቤዝሉን አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩት፣ ሥሩ ያለው ጨው እንዲለቅ፤ እምቢ ካለ አያስገድዱት፣ መልሰው ይዘፍዝፉት። ሰንሰለቱንና መቆለፊያውን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ሁለት ጠብታ ላርጎ አድርገው ያሹት፤ በረኪና ከቶ አይድረስበት። በለስላሳ ጨርቅ ያድርቁትና ሰዓቱን ማስተካከል ካለብዎት ያኔ፣ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ፣ መሙያውን ይፍቱ።

«አሁን 300 ሜትር ይገባል?» አለ ደንበኛው።

«የኛ መሣሪያ የሚሞክረው እስከ 6 ባር፣ 60 ሜትር ድረስ ነው። ለመዋኘት ይበቃዎታል። ከዚያ በላይ አልምልልዎትም።»

ከዚያ መሙያውን ፈቱና ሰዓቱን እጁ ላይ አስቀመጡለት። መጀመሪያ በቀጥታ ሊጠመዝዘው ሲል ጥርሱ ዘሞ ያዘ። ጋሼ አስቆሙት፦ ተጭነው ወደ ኋላ ያዙሩት፣ ጠቅ ሲል ጥርሱ ገጥሟል፣ ያኔ ወደ ፊት። ወደ ኋላ አዞረ። ጠቅ አለ። ከዚያ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ እየቆጠረ ጠመዘዘው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እና ትንሽ። ቆመ። አሳየን።