አንዱ በሶ በሁለት ከረጢት

ኮምቦልቻ ውስጥ በሶ የሚያዘጋጅ አንድ አነስተኛ ማኅበር ገበያ ሲቀዘቅዝበት ያንኑ የገብስ ዱቄት በሁለት ማሸጊያ ከፈለው። ጥቁሩ ላይ የፈረጠመ ክንድና «የወንድ ጉልበት»፣ ሮዙ ላይ ቀጭን ወገብና «ለእመቤቶች ቀላል በሶ» ተጻፈ። ጥቁሩ 500 ግራም በ120 ብር፣ ሮዙ 350 ግራም በ105 ብር።

ዕቃው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ፒያሳ ያሉ አንዲት ባለሱቅ ሁለቱንም ቀደው ወረቀት ላይ አፈሰሱ። በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ ቆንጥረው ቀመሱት። አቆላሉም ልመቱም አንድ ነው። ለሻጩ «ልጄ፣ ያቀለላችሁት ሚዛኑን ነው እንጂ በሶውን አይደለም» አሉት። ስሌቱ ልክ ነበር፤ የጥቁሩ ኪሎ 240 ብር ሲመጣ የሮዙ 300 ይመጣል። ለቀለም ብቻ 60 ብር! ሮዙን በሙሉ መለሱት።

ጥቁሩም አልተሸጠም። የቤት አስቤዛ የሚሸምቱት በአብዛኛው እናቶች ናቸው፤ ለልጅ ቁርስ ወይም ለተማሪ ስንቅ የሚሆን የሚፈልግ ሰው «የወንድ» የሚል ሲያይ አልፎት ይሄዳል።

በሶ ገብሱ ተለቅሞ፣ ተሸክሽኮ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ነው፤ በዚህ ሂደት ውስጥ የወንድ ወይም የሴት የሚያደርገው አንድም ደረጃ የለም። ጉልበትን ለወንድ ብቻ መስጠቱም ልክ አይደለም፤ ለምሳሌ የብረት ማዕድን ፍላጎት ጭራሽ የተገለበጠ ነው። የአሜሪካ የአመጋገብ ምክር ከ19 እስከ 50 ዓመት ላለች ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ብረት ሲል፣ ለወንድ 8፣ ለነፍሰ ጡር 27 ይላል። ገብስ ብረት አለው፤ ሆኖም ውስጡ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ሰውነት ብረቱን በደንብ እንዳይወስደው ስለሚይዘው፣ በሶው ላይ ሎሚ መጭመቅ ይረዳል። ከረጢቱ ላይ መጻፍ የነበረበት ይህን የመሰለ ነገር ነበር።

ኪሳራው ማሸጊያው ላይ ከበደ። በሲሊንደር የሚታተም ላስቲክ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ሲሊንደር ይፈልጋል፤ ባለ 4 ቀለም 2 ዲዛይን ማለት 8 ሲሊንደር ነው። አንድ ቃል ለመቀየር እንኳ ሲሊንደሩ እንደገና ይቀረጻል፣ የታተመው ላስቲክም ይጣላል። ስለዚህ ምርቱ ገበያውን እስኪለምድ ድረስ ጽሑፍ የሌለው ከረጢትና ተለጣፊ ወረቀት ይሻላል።

አሁን ከረጢቱ አንድ ዓይነት ነው፤ መጠኑ ግን እንደ አጠቃቀሙ ይለያያል፦ ለመንገደኛ 250 ግራም፣ ለቤት 1 ኪሎ፣ የኪሎው ዋጋም ለሁሉም እኩል። ተለጣፊው ላይ የተጣራ ክብደት፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ ከዚያም አሠራሩ አለ፦ ለመጠጥ 3 የሾርባ ማንኪያ በ250 ሚሊ ሊትር ውሃ፤ ለጭብጦ ጨው ነስንሶ ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረጉ ማሸት፣ ምክንያቱም በአንዴ ከፈሰሰ ይላቁጣል። ዱቄቱ ሳይቀዘቅዝ ከታሸገም ውስጡ እርጥበት ቋጥሮ ይጓጉላል።

የመጀመሪያዎቹ ተለጣፊዎች ግን ዱቄት ባረፈበት ላስቲክ ላይ ስለተለጠፉ ደሴ ሳይደርሱ ተላጡ። አሁን ከረጢቱ ከመሞላቱ በፊት ይለጠፋሉ።