ሐረርን ሳላያት ማንበብ፤ እስካሁን የደረስኩበት

ሐረር ገና አልሄድኩም። ግን በቅርቡ አንድ ነገር ስለተሳካልኝ ሳላወራው ማለፍ አልቻልኩም። ከተለያዩ መጻሕፍት የለቃቀምኳቸው ዓመታት በመጨረሻ እርስ በርስ መጣላት አቆሙ። ከጉዞ በፊት ስለሚሄዱበት አገር ማንበብ የሚወድ ሰው ይሄ ምን ያህል እንደሚያስደስት ይረዳኛል። ሌላው ግን "ታዲያ ምን ይጠበስ?" ይላል። ተብያለሁም።

አጀማመሬን ባጭሩ ልለፈው። እንደማንኛውም ሰው በጅቡ ጀመርኩ። ከዚያ የጀጎል ግንብ፣ ቡናው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስፌት። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ቦታዎች እንዳሉት መግለጹን ያኔ ነው ያወቅሁት። ይሄ ሁሉ ደስ ይላል፣ ግን ከፖስት ካርድ ጀርባ ከሚጻፈው ብዙም አይርቅም።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ስገባ የንባብ ቅደም ተከተል ጥያቄ መጣ። እዚህ ላይ አቋሜ ግትር ነው። ስለ አንድ አገር ስታነቡ በመንገደኛ ማስታወሻ አትጀምሩ። ሐረር ሲነሳ ሁሉም የሚጠቁማችሁ ሪቻርድ በርተንን ነው። የአረብ ነጋዴ መስሎ መንገድ ጀምሮ በ1847 ዓ.ም. ከተማዋ የገባው እንግሊዛዊ ማለት ነው። ጎበዝ ጸሐፊ ነው፣ አልክድም። ግን ሐረር የቆየው 10 ቀን ነው! ከከተማዋ ሰው ጋር ገና ሳትተዋወቁ በእሱ ንቀት ውስጥ ትገባላችሁ፤ ከዚያ ለመውጣት ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። መንገደኛ የሚጽፈው ያስገረመውን ነው። ሰው በየሳምንቱ የሚያደርገውን አይጽፍም። ለምሳሌ አፎቻን፣ ሐረሪዎች ለሠርግና ለለቅሶ የሚደራጁበትን ማኅበር፣ በ10 ቀን እንግድነት የት ታገኙታላችሁ? መጀመሪያ ስለ ቤቱ፣ ስለ ማኅበሩ፣ ስለ በዓሉ አንብቡ። በርተን የትም አይሄድም፣ ይጠብቃችኋል።

ሁለተኛው አቋሜ ደግሞ በአንድ ወገን መጽሐፍ አትርጉ የሚል ነው። ለእኔ ይሄን ያስተማረኝ የያኔው የሐረር ገዥ ኤሚር ኑር ነው። በ1551 ዓ.ም. ዐፄ ገላውዴዎስ የሞቱት ከኑር ጦር ጋር ሲዋጉ ነው። በደጋው ዜና መዋዕል ስታነቡት ኑር የንጉሡ ገዳይ ነው። የሐረሩን ወገን ስታነቡ ደግሞ የጀጎልን ግንብ ያሠራ፣ ከተማዋን ያተረፈ ሰው ነው። አረንጓዴ ጉልላት ያለው መቃብሩ ዛሬም ይዘየራል። አንዱ መደርደሪያ ላይ ገዳይ፣ ሌላው ላይ ወልይ፣ ማለትም ቅዱስ ሰው። ሁለቱንም ሳያነብ ሄዶ መቃብሩ ፊት የሚቆም ሰው ግማሹን ሳያይ ይመለሳል።

አሁን ወደ ራስ ምታቴ ልምጣ፤ ወደ ዘመን አቆጣጠሩ።

ስለ ሐረር የሚያነብ ሰው ሦስት አቆጣጠር ይገጥመዋል። የአማርኛው መጽሐፍ በዓመተ ምሕረት ይጽፋል። የፈረንጁ በእሱ አቆጣጠር። ከዐረብኛ ምንጭ የተቀዳው በሒጅራ፣ በእስልምናው የጨረቃ አቆጣጠር። ምኒልክ ሐረርን የያዘበት የጨለንቆ ጦርነት አንዱ ጋ 1879፣ አንዱ ጋ 1887፣ ሌላው ጋ 1304 ነው። ሦስቱም ልክ ናቸው። ይሄን ካወቃችሁ ችግር የለም፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አለመጻፉ ነው። በተለይ ከፈረንጅ ቋንቋ የተተረጎሙ ጽሑፎች ይገርማሉ። አንድ ገጽ ላይ "ዓ.ም." ይላሉ፣ ቀጣዩ ገጽ ላይ ተርጓሚው ደክሞት ነው መሰለኝ ቁጥሩን እንዳለ ይገለብጠዋል። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ሐረርን ያዘ የሚል ካነበባችሁ ዘመቻው ከዓድዋ አንድ ዓመት በፊት ሊሆንባችሁ ነው። ስምንት ዓመት እንዲሁ ጠፋ።

መጀመሪያ ኤክሴል ላይ ልሠራው አስቤ ነበር። አትድከሙ። ኤክሴል ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት ያለን ቀን እንደ ቀን አይቆጥረውም፤ የእኔ ሐረር ደግሞ ከሞላ ጎደል ከዚያ በፊት ነው። ስለዚህ ባለ ካሬ ደብተር ገዛሁ። እንዲህ ወድጄው የማላውቅ ዕቃ ሆኗል። ገጹን በአራት ዓምድ ከፈልኩት፤ ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ.፣ ሒጅራ፣ እና ማን እንዳለው። አራተኛው ዓምድ ከሦስቱ ይበልጣል። ማን እንዳለው ካልጻፋችሁ ከወር በኋላ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ አታውቁም።

የኛውና የፈረንጁ አቆጣጠር ቀላል ነው ይባላል። ሰባት ወይ ስምንት። አዎ፣ ግን ያቺ "ወይ" ናት ጉዷ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሐረር የገባው በታኅሣሥ 1880 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስለዚህ 1873 ዓ.ም. እንጂ 1872 አይደለም። ወሩ ካልተጻፈ ሁለቱንም ዓመት በእዝባር እጽፋለሁ። ዓይን አይማርክም፣ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ያለፋኝ ሒጅራው ነው። ብዙ ሰው 622 ደምሮ ይገላገላል። አይሠራም! የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያንሳል። 33 የሒጅራ ዓመት 32 የፀሐይ ዓመት ይሆናል ማለት ነው። በ1304 ላይ 622 ብትደምሩ 1926 ይመጣላችኋል፤ ያኔ ምኒልክም የሉም። አሁን የምጠቀምበት ዘዴ ይሄ ነው። የሒጅራውን ዓመት ለ33 አካፍሉ፣ ያገኛችሁትን ከራሱ ከዓመቱ ቀንሱ። ከዚያ ለእ.ኤ.አ. 622 ደምሩ። በቀጥታ ወደ ዓ.ም. ለመምጣት ደግሞ 614። እንግዲህ 1304 ለ33 ሲካፈል 39 ገደማ ነው፤ ሲቀነስ 1265 ይቀራል፤ 614 ሲደመር 1879። ጨለንቆ ቁጭ አለች። አንድ ዓመት ወደዚህ ወይ ወደዚያ ሊያዛንፍ ይችላል፤ የሒጅራው ዓመት በፀሐዩ ሁለት ዓመት ላይ ስለሚጋለብ ነው።

በዚህ ላይ ችንካሮች አበጀሁ። የማልጠራጠራቸው፣ በሦስቱም አቆጣጠር የማውቃቸው ክስተቶች ናቸው። የገላውዴዎስ ሞት 1551፣ 1559፣ 966። የበርተን ጉብኝት 1847፣ 1855፣ 1271። የግብፆች ሐረር መግባት 1868፣ 1875፣ 1292። ጨለንቆ ከላይ እንዳልኩት። አዲስ ቁጥር ሲመጣ በሁለት ችንካሮች መካከል ይገባ እንደሆነ አያለሁ። ካልገባ ወይ አቆጣጠሩ ተደባልቋል፣ ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል፣ ወይ የማተሚያ ቤት ግድፈት ነው። በእርሳስ ጻፉ፣ በቢክ አትጻፉ።

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? ዓመታቱ ሲሰለፉ አንድም መጽሐፍ በግልጽ ያልነገረኝ ነገር ስለታየኝ ነው። ሁሉም "የራምቦ ሐረር" ይላል፣ አንዲት ከተማ የነበረች ይመስል። ሰንጠረዡን ሳየው ራምቦ መጀመሪያ ሲገባ ከተማዋን የያዙት ግብፆች ናቸው። እነሱ በ1885 እ.ኤ.አ. ለቀው ወጡ። ከዚያ ኤሚር አብዱላሂ ሁለት ዓመት እንኳን ሳይሞላው ጨለንቆ ላይ ተሸነፈ። ከ1647 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐረርን የገዛው የኤሚሮች ሥርወ መንግሥት በዚያው አበቃ። ራምቦ በ1880 ዓ.ም. ለንግድ ሲመለስ የጠበቀችው የደጃዝማች መኮንን፣ የኋላው የራስ መኮንን ከተማ ናት። በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት መንግሥት! የገበያው ሰው በአንድ ዕድሜ ለሦስት ዓይነት ሹም ግብር ከፍሏል። አሁን የዚያን ዘመን ደብዳቤ ሳነብ መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው። በነገራችን ላይ የራምቦ ቤት ተብሎ የሚጎበኘው ሕንፃ ከእሱ በኋላ የተሠራ ነው። ቢሆንም እሄድበታለሁ፣ ቤቱ ያምራል።

ካርታውም ላይ ትንሽ ሠርቻለሁ። አምስቱን የጥንት በሮች በእጄ ስዬ ሁለት ሁለት ስማቸውን ጻፍኩ። ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር፤ ከሥራቸው የሐረሪውን ስም። መኪና የሚገባበት በር በኋላ የተከፈተ ስለሆነ በሌላ ቀለም አደረግኩት። ይሄ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ብዙም የሚያስተምር ነገር የለውም።

አንድ ልናዘዝ። የኤሚሮቹን የትውልድ ሐረግ እዘለዋለሁ። ማን ማንን ወለደ የሚለው አይገባኝም፣ ሦስት ስም ካለፈ ዓይኔ ይፈዛል። የቤት አሠራር ሲሆን ግን እንቅልፍ የለኝም። የሐረሪ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ሳሎኑ በተለያየ ከፍታ በተሠሩ መደቦች የተከፋፈለ ነው፤ ነደባ ይባላሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት አለ፣ ትልልቅ ሰዎች የሚቀመጡበት አለ፣ ወጣቶች ዝቅ ብለው የሚቀመጡበት አለ። ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል፤ ቀዩ ለጨለንቆ ሙታን መታሰቢያ ነው ይባላል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት እንደሆነም ይነገራል። ይሄን ሳነብ የመደቦቹን አቀማመጥ ደብተሬ ላይ ሳልኩት፤ ስገባ የማይሆን ቦታ ላይ ዘው ብዬ እንዳልቀመጥ።

ጉዞውን ከሹዋሊድ በዓል ጋር ላገጣጥመው አስቤያለሁ። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ የመዘገበው የሐረሪዎች በዓል ነው። ከረመዳን በኋላ ስድስት ቀን ተጨማሪ ተጹሞ ይከበራል። ደብተሩ እዚህም ጠቀመኝ፤ በዓሉ ከዓመት ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ያለፈውን ዓመት ቀን ይዤ ትኬት አልቆርጥም። ጨረቃዋ ደግሞ በስሌት ብቻ አትገኝም፣ መታየት አለባት። ስለዚህ ሁለት ቀን ቀደም ብዬ ልግባ ብያለሁ፤ በዓሉ እስኪደርስ በበሮቹ እዞራለሁ፣ ካርታዬ ልክ ይሁን አይሁን እዚያው አያለሁ።