ወፍጮ የሚያዳምጠው ማሽን፣ 3ኛ ወር

ሰላም ልጆች፣ ስለ አጎቴ ወፍጮ ቤት ፕሮጀክት የት ደረስክ ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ያለሁበትን ልንገራችሁ። ሀሳቡ ያው ነው፣ ኢኤስፒ32-ኤስ3 የምትባል ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ ላይ ማይክ አስሬ የሞተሩ ኩሽኔታ መበላሸት ሲጀምር ከድምፁ ለይቶ ሜሴጅ እንዲልክ ነው፤ አምና ኩሽኔታው ደርቆ ሞተሩ ሲቃጠልበት ሁለት ሳምንት ስራ ፈቶ ሲቀመጥ አይቼዋለሁ።

ድምፁን ለምን ወደ ሰርቨር አትልከውም ላላችሁኝ፣ በሰከንድ 16 ሺህ ናሙና በ16 ቢት ሲቀዳ 32 ኪሎባይት ነው፣ በቀን 2.7 ጊጋባይት ይደርሳል፣ ያን ሁሉ ፓኬጅ ማን ይገዛል? እዛው ቺፑ ላይ ከተለየ ግን የሚወጣው አንድ ሜሴጅ ብቻ ነው። ለሱ ደግሞ 2ጂ ከበቂ በላይ ነው።

ድምፁን የሚለየው ሞዴል፣ ማለትም ከቀዳሁት ድምፅ የተማረው ፕሮግራም፣ ትንንሽ ቺፕ ላይ ሞዴል በሚያስኬደው ቴንሰርፍሎው ላይት ማይክሮ ነው የሚሰራው፣ በውስጡ ያሉትን የ32 ቢት ቁጥሮች ወደ 8 ቢት ሳወርዳቸው መጠኑ ወደ ሩብ ወረደና ቺፑ ላይ ገባልኝ።

ያደከመኝ ሞዴሉን የማስተምርበት ዳታ ነው። መጀመሪያ የቀዳሁት ሁሉ ጤፍ ሲፈጭ ስለነበር ቅዳሜ ገበያ ውሎ በቆሎ ሲገባ የድንጋዩ ድምፅ ተለወጠና ማሽኑ ብልሽት ነው ብሎ 11 ሜሴጅ ደረደረ፣ አጎቴም ደንግጦ ሰው ተሰልፎ እያለ ሞተሩን አጠፋ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ከዛ በኋላ ጤፉንም ስንዴውንም በቆሎውንም ባዶውን ሲዞርም ለየብቻ ቀዳሁ፣ ከመካኒክ ያለቀ ኩሽኔታ ለምኜ ትርፍ ሞተር ላይ ገጥሜ የብልሽቱንም ድምፅ ያዝኩ። አሁን እህል ሲቀየር አይደነግጥም።

ሲም ካርድ ገብቶበት ሜሴጁን የሚልከውን ሲም800ኤል የሚባል ትንሽ ሰሌዳ የምትጠቀሙ ደግሞ ይቺን ያዙ፣ ሜሴጅ ሊልክ ሲል እየጠፋ የሚነሳባችሁ ኮዱ አይደለም፣ ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ስለሚስብ ነው። ከዩኤስቢ አላቅቄ 3.7 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ሰጠሁት፣ እግሩ ስር 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በየድኩለት፣ አንዴም አልጠፋም። በአማርኛ ሲላክ አንድ ሜሴጅ የሚይዘው 70 ፊደል ስለሆነ ደግሞ አሳጥሬ «ጋሼ ኩሽኔታውን አሳዩት» ብቻ አደረግኩት።

የቀረኝ ዱቄቱ ነው፣ በሳምንቱ የማይኩን ቀዳዳ ደፍኖት አገኘሁት፣ ስስ ጨርቅ ሳለብሰው ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ይበላብኛል። አቧራ ያለበት ቦታ ማይክ የገጠማችሁ በምን ሸፈናችሁት?