ለሁለት ሰዓት የተዘጋ መንገድ

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን ልጄን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቷ የሄድኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ እያቅማማሁ ነበር። ግቢው ቀድሞ መኖሪያ ቤት ስለነበረ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት የሚሯሯጡበት ቦታ የላቸውም፤ በዚህም ምክንያት የወላጆች ኮሚቴ፣ የሰፈሩ የሩጫ ቡድንና ወረዳው ተስማምተው ከፊት ለፊት ያለውን የኮብልስቶን መንገድ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ለመኪና ዘግተውት ነበር።

ጠንከር ያለ ልምምድ ስጠብቅ ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይና አባሮሽ አገኘሁ። የሰኞ ማክሰኞውን መስመር በጠመኔ ያሰመሩት አንዲት አያት ናቸው፤ ልጄ ጨዋታውን በስም እንኳ አታውቀውም ነበር (ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ስልኩን የሰጠኋት እኔው ነኝና)።

የስፖርት መምህሩ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ እንደሚመክር ሲያስረዱን፣ የልጄን ውሎ በልቤ አሰላሁት፤ በሰርቪስ ሄዳ በሰርቪስ ትመለሳለች፣ ከዚያ የቤት ሥራ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን። የስፖርት ክፍለ ጊዜዋም ቢሆን ፈተና ሲቃረብ ለሒሳብ ይሰጣል። ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ በበቆጂ የትምህርት ቤት ስፖርት መምህር እንደነበሩ እያወቅን፣ ይህን ክፍለ ጊዜ እንደ ትርፍ መቁጠራችን ይገርመኛል፤ ሁሉም ልጅ ሯጭ ይሁን ማለቴ ግን አይደለም።

መንገዱ ሲከፈት ልጄ በላብ ተጠምቃ «የሚቀጥለው ቅዳሜም አለ?» አለችኝ። ኮሚቴው ያቀደው በወር አንድ ጊዜ ነው። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት በእግር ላደርሳት ተስማምተናል።