ነፋሱን ከኋላ አድርጎ፤ አንድ ቀን በኬፕ ዳርቻ

በደቡብ አፍሪካው የኬፕ ባሕረ ገብ መሬት ብስክሌት ለመንዳት ያሰበ ሰው፣ ስለ ዳገቱ ከመጨነቁ በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ይጠይቅ። በእነርሱ በጋ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሳው ነፋስ የኬፕ ታውን ከተማን አየር ያጸዳል ስለሚባል «የኬፕ ሐኪም» ይሉታል። ሐኪሙ ለብስክሌተኛ አይራራም። በ2017 እ.ኤ.አ. ባሕረ ገብ መሬቱን የሚዞረውን የ109 ኪሎ ሜትር ዓመታዊ ውድድር ያሰረዘው እርሱ ነው።

እኔና ባለቤቴም መንገዳችንን የወሰንነው ለእርሱ ብለን ነው። ጠዋት ሳይበረታ ከሳይመንስ ታውን ወደ ደቡብ እየታገልነው እንሄዳለን፤ ከዚያ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ተሻግረን ወደ ሰሜን እንመለሳለን። አገሩ የሚነዳው በግራ ስለሆነ፣ በዚህ አቅጣጫ ባሕሩ በራሳችን በኩል ይውላል። በቀኝ ለለመድን ለእኛ ግን በየመገናኛው «ግራ! ግራ!» እየተባባሉ መጮህ ግድ ነበር።

ቦልደርስ ላይ ፔንግዊኖቹን ለማየት ቆምን። ድምፃቸው ቁርጥ የአህያ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. ሁለት ጥንዶች ብቻ ሆነው የሰፈሩበት ዳርቻ ዛሬ የመንጋ መኖሪያ ሆኗል።

ወደ ስሚትስዊንክል የሚወስደው ዳገት ላይ እኔ ቀደምሁ፤ ባለቤቴ ማርሹን አቅልሎ፣ በምሥራቅ በኩል ያለውን የፎልስ ቤይ ባሕረ ሰላጤ ውኃ እያየ ቀስ ብሎ ተከተለኝ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ እርሱ ይጠፋል፣ እኔ ፍሬን ይዤ እቀራለሁ። አብሮ መንዳት ጎን ለጎን መሄድ ነው የሚል ሰው በተራራ ላይ አልነዳም። አንድ ላይ የሆንነው ዝንጀሮዎች መንገዱን ሲያቋርጡ ብቻ ነው፤ ቦርሳችንን ዘግተን፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ አለፍናቸው።

ስካርቦሮ ስንደርስ ነፋሱ ከኋላችን ሆነ። ባለቤቴ እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ ወዲያው አወጣ። ከደቡብ የሚመጣው ቀዝቃዛው የቤንጉዌላ የባሕር ጅረት ይህን ወገን ከፎልስ ቤይ እጅግ ያቀዘቅዘዋል። ኮሜትጂን በነጩ የብረት መብራት ቤቷ ሥር አልፈን ኑርድሁክ ገባን።

ከዚያ በተራራ ጎን የተቆረጠው የቻፕማንስ ፒክ መንገድ። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር፣ 114 መታጠፊያ። ከ1915 እስከ 1922 እ.ኤ.አ. የሠሩት ሰዎች ብልሃት ድንጋዩ ላይ ይታያል፦ ከሥር ጠንካራው ግራናይት፣ ከላይ ለመፈልፈል የሚቀለው ደለል ድንጋይ፣ መንገዱም በሁለቱ መጋጠሚያ። ያው የላይኛው ድንጋይ ግን ይናዳል። በዚሁ የተነሳ መንገዱ በ2000 ተዘግቶ፣ በ2003 መረብና ግማሽ ዋሻ ተሠርቶለት በክፍያ ተከፈተ። ብስክሌተኛ አይከፍልም፤ በላብ ከፍሏልና ተገቢ ነው። በየመታጠፊያው ከግራ አጥሩ፣ ከአጥሩ ማዶ ገደሉ፣ ከገደሉ ሥር አረፋው። ነፋሱ ከተራራው ጀርባ አድፍጦ ይቆይና አንዱን ሸለቆ ስንሻገር በድንገት ጎናችንን ይመታናል፤ መሪውን ጨብጬ ወደ ተራራው ወገን አዘነበልሁ። ከፍታው ጫፍ ላይ ግን ማዶ ያለው የሴንቲነል አለት ከነወደቡ ሲገለጥ ፔዳሉን ረሳሁት።

ሃውት ቤይ ወደብ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ስንበላ ባለቤቴ ዓይኑን ወደ ሱይከርቦሲ ዳገት ላከ።

«ያንን ብቻ ከወጣን እስከ ካምፕስ ቤይ ቁልቁለት እኮ ነው» አለኝ።

«ቁልቁለቱ ያንተ ነው፤ ዳገቱን የምወጣው እኔ ነኝ» አልሁና ሁለተኛ ዓሣ አዘዝሁ።